የሚተከለውን እንቆጥራለን፤ የሚረግፈውንስ?

ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ስልኩን ሲከፍት ምን እንደሚያነብ ታውቃላችሁ። «ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የዶክትሬት ዕድል፤ የደን ሥነ ምኅዳርና የንጥረ ነገር ዑደት፤ አራት ዓመት፤ ከደመወዝ ጋር።» አገሩ ስዊድን ነው፤ ወይ ጀርመን፤ ወይ ካናዳ። ሥራው ሲነበብ ደግሞ ያስገርማል። ጫካ ገብቶ ከዛፍ የሚረግፈውን ቅጠል መሰብሰብ፣ መመዘን፣ በስንት ወር እንደሚበሰብስ መከታተል፣ ውስጡ የነበረው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ነው። ልጁ ማስታወቂያውን ለጓደኛው ይልካል፤ ጓደኛውም ለጓደኛው። ሁሉም ለእንግሊዝኛ ፈተና ይመዘገባሉ። ከተመዘገቡበት ሕንፃ ወጥተው ወደ ሰሜን ቀና ቢሉ ግን እንጦጦ ይታያቸዋል።

ቅጠል ለመመዘን ስዊድን ድረስ?

በሚሄዱት አልፈርድም። ደመወዝ፣ ላቦራቶሪና ጊዜ የሚሰጥ ቦታ ካለ ሰው ይሄዳል፤ መሄድም አለበት። የእኔ ጥል ከሚሄዱት ጋር ሳይሆን እዚህ ካለው ጉድለት ጋር ነው። የደን ሥነ ምኅዳር የሚጠናበት ዕድል የጠፋን ደን ስለሌለን አይደለም። ተማሪም ስላጣን አይደለም። ቁጥር የምንወደው የሚተከለውን ብቻ ስለሆነ ነው። የሚረግፈውን፣ የሚበሰብሰውንና ወደ አፈር የሚመለሰውን ዓመት ከዓመት ለሚቆጥር ሰው ግን ገንዘብም ጊዜም አልመደብንም። ይህ የተማሪ ችግር ብቻ መስሎ ከታያችሁ ትንሽ ታገሱኝ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ130 ዓመት በፊት የተጀመረው ሙከራ

ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ (1886) የተራራው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። በምዕተ ዓመቱ መባቻ የማገዶው እጥረት ከመክፋቱ የተነሳ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። ከተማዋን እዚህ ካቆዩዋት ነገሮች ዋነኛው በ1890ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የገባው፣ ቶሎ የሚያድገውና ሲቆረጥ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሐሳብ ተለወጠ። በ1913 ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ ሌላ ዛፍ እንዲተካበት አዋጅ ወጥቶ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። አዋጁ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ባሕር ዛፉም ተራራው ላይ።

ልብ በሉ፤ ሲተከልም የለካ አልነበረም፣ ይነቀል ሲባልም የለካ አልነበረም። ለዚያ ዘመን ሰዎች ይህ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ያው ክርክር ላይ ነን፤ አሁንም በመገመት።

ሳይንስን ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራራ ትልቅ ሙከራ ነው። አገር በቀሉ ደን ወጣ፣ ከሌላ አህጉር የመጣ አንድ ዝርያ ገባ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ማነጻጸሪያውም አብሮት አለ፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ውስጥ አሮጌ ጥድና ወይራ ዛሬም ታገኛላችሁ። ተራራው ደግሞ የውኃ ክፍፍል ነው። በደቡብ ጎኑ የዘነበው በቀበናና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን ጎኑ የዘነበው ወደ አባይ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከኮተቤ በላይ፣ እስከ የካ ዋሻ ሚካኤል ድረስ ያለው ተዳፋት ከመገናኛ በታክሲ የሚደረስበት ነው። ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ ይህን የመሰለ ቦታ ለማግኘት በአውሮፕላን ይመጣል። እኛ በአንበሳ አውቶቡስ እንደርሳለን።

ዛፉ ነው ወይስ መጥረጊያው?

የንጥረ ነገር ዑደት የሚባለው ነገር እንዲህ ነው። ዛፍ ከአፈር የሚወስደውን ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ለዘለዓለም ይዞ አይቀርም። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ከፊሉን መልሶ ወደ ውስጡ ይስባል፤ የቀረው ከቅጠሉ ጋር መሬት ይወርዳል። ፈንገሱ፣ ባክቴሪያው፣ ምስጡና ትሉ ይረባረቡበታል። ቅጠሉ ብስባሽ ይሆናል፤ ሥሩም መልሶ ይመገበዋል። ደን ማንም ማዳበሪያ ሳይበትንለት መቶ ዓመት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የሚበላውን ራሱ ያመርታል።

እንጦጦ ላይ ግን በዑደቱ መሐል ከተማ ገባ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ገና መሬት እንደነካ በመጥረጊያ ተሰብስቦ፣ ታስሮ፣ በሴቶች ጀርባ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ቀጨኔና ወደ ፈረንሳይ ሲወርድ አስርት ዓመታት አለፉ። 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሸክም ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1991 ስለ አዲስ አበባ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አንድ ሙሉ ጥናት አሳትሟል። የእናቶቻችን ምጣድ የጋለው በዚያ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ሲነድ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ አመድ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱ ደግሞ ጓሮ ይደፋል። በሌላ አነጋገር የተራራው አፈር ቀስ በቀስ በጀርባ ተሸክመነው ወርደን በየሰፈሩ ደፍተነዋል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ራቁቱን ሆኖ ስታዩ ጥፋተኛው ማነው? ዛፉ ነው ወይስ መጥረጊያው? «ባሕር ዛፍ ሥሩ ምንም አያስበቅልም» የሚለውን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተናል። ዛፉ ውኃ በብዛት እንደሚጠጣ አልክድም። ግን ቅጠሉ በየቀኑ የሚጠረግበት የጥድ ደንስ ቢሆን ምን ያበቅል ነበር?

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መልሱ ዛፉ ከሆነ መፍትሔው ዛፉን መተካት ነው። መልሱ መጥረጊያው ከሆነ ደግሞ ዛፉን መንቀል ብቻ ምንም አያመጣም፤ አዲስ የተተከለው ወይራም ቅጠሉ ይጠረጋል። ያኔ መፍትሔው ለሴትየዋ ሌላ ማገዶና ሌላ ገቢ ማግኘት ነው። አንድ የለካ ሰው ባለመኖሩ ሴቶቹ በደን ዘበኛ ሲባረሩ ኖረዋል፤ ዛፉም በየስብሰባው ሲሰደብ ኖሯል።

መለካት አያቅተንም

«እኛ አገር እንዲህ ያለ ጥናት አይሠራም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ልሳነወርቅ ንጋቱና የዴንማርኩ አንደርስ ሚኬልሰን በ1994 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋ ሦስት የተተከሉ ደኖችን ወስደው ከተፈጥሮ ደን ጋር አነጻጽረዋል። ስንት ቅጠል ይረግፋል? እንዴት ይበሰብሳል? ምን ያህል ንጥረ ነገር ይለቅቃል? ያጠኑት ይህን ነው። ቦታውም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው መናገሻ ነው። ፈይራ ሰንበታ፣ ደመል ተከታይና ባልደረባቸው በ2002 ስለ ሙነሳ ሻሸመኔ ሲጽፉ ደግሞ ከውጭ በመጡ ዛፎች ጥላ ሥር አገር በቀል ችግኞች በራሳቸው ሲበቅሉ አሳይተዋል። ያ የትምህርት ቤት ዓረፍተ ነገራችን በአንድ ጥናት ተነቃነቀ ማለት ነው። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የሠራው ሥራ ዓለም አቀፍ ጆሮ አግኝቷል።

ችሎታው አለ። ግን እነዚህ ሰዎች የት ሆነው ዶክተር እንደሆኑ ተመልከቱ። ደመል በስዊድን፣ ዓለማየሁ በሆላንዱ ዋገኒንገን። አፈሩ የእኛ፣ ጥያቄው የእኛ፣ ተመራማሪውም የእኛ ሆኖ ሳለ ዲግሪውና ገንዘቡ የሰው አገር ነው። ገንዘቡ ባለቀ ቀን ልኬቱም አብሮ ያልቃል።

ስድስት ወር የማይበቃው ነገር

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንምጣ። በአገራችን የማስተርስ ተማሪ አንድ ዓመት ኮርስ ይወስዳል፤ ከዚያ ፕሮፖዛል ይጽፋል፤ ፕሮፖዛሉ እስኪጸድቅና ገንዘቡ እስኪለቀቅ ወራት ይነጉዳሉ። በእጁ የቀረው ግማሽ ዓመት ገደማ ነው። የሚሰጠው የጥናት ገንዘብ ደግሞ መኪና ተከራይቶ አንድ ሁለት ጊዜ መስክ ደርሶ ለመመለስ ቢበቃ ጥሩ ነው። አድቫይዘሩ ብልህ ከሆነ ይመክረዋል፦ «መጠይቅ በትን።»

እናም መጠይቅ ይበተናል። «የአካባቢው ኅብረተሰብ ስለ ደን ያለው አመለካከት።» አመለካከት ማጥናት ነውር አይደለም። ግን ቅጠል አመለካከት የለውም። ቅጠል በበጋ ይረግፋል፣ ክረምት ሲገባ ይበሰብሳል፤ አንድ ዓመት በልግ ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ይቀራል። ይህን ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ያስፈልጋል፤ በደንብ ለማወቅ አሥር። የንጥረ ነገር ዑደትን በስድስት ወር ማጥናት የአንድ ሰው የባንክ ደብተር አንድ ገጽ አይቶ ሀብታም ነው ድሃ ነው ብሎ መፍረድ ነው።

የሚያሳዝነው መሣሪያው ውድ አለመሆኑ ነው። ቅጠል መቀበያው በአራት እንጨት ላይ የተወጠረ መረብ ነው። የመበስበሱ ፍጥነት የሚለካው ቅጠል በተሞላ የመረብ ከረጢት ነው፤ ትቀብረዋለህ ወይ መሬት ላይ ታስረዋለህ፣ በየተወሰነ ወሩ አንዱን አንስተህ ትመዝናለህ። ማድረቂያ ምድጃና ሚዛን ያስፈልጋል። የላቦራቶሪው ምርመራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እውነት ነው። ከሁሉ የሚወደደው ግን ጊዜ ነው። ሥርዓታችን ደግሞ ለተማሪ ጊዜ አይሰጥም፤ ተማሪውን ከተማሪው የሚያያይዝበትም ገመድ የለውም። የዘንድሮው ተመራቂ መረቡን ሰብስቦ ይሄዳል፤ የከርሞው ከዜሮ ይጀምራል። ቴሲሱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። ይኸው ነው የእኛ የወረቀት ዑደት፤ ምንም ንጥረ ነገር የማይመለስበት።

የአሜሪካኖቹ ትንሽ ወንዝ

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ሃባርድ ብሩክ የሚባል ደን አለ። በ1955 ለምርምር ተከለለ። በ1963 ጂን ላይከንስ፣ ኸርበርት ቦርማንና ጓደኞቻቸው አንድ ቀላል ሐሳብ ይዘው ገቡ። ከሰማይ የሚገባውን ዝናብ እንለካ፣ ከታች በወንዙ የሚወጣውንም እንለካ፤ ልዩነቱ ደኑ ምን እንዳደረገ ይነግረናል። ከዚያ ከ1965 እስከ 1966 ባለው ክረምታቸው የአንዱን ትንሽ ተፋሰስ ዛፎች በሙሉ ቆረጡ። በወንዙ ውስጥ ያለው ናይትሬት አሻቀበ። ደኑ ይዞት የነበረው ማዳበሪያ እንደ ጎርፍ እየወጣ ነበር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዝናቡን ዓመት ከዓመት ሲለኩ አሲድ እንደበዛበት አዩ፤ ከፋብሪካና ከኃይል ማመንጫ ጭስ የመጣ። የአሲድ ዝናብ በሰሜን አሜሪካ የፖለቲካ ጉዳይ የሆነው እንዲህ ካለ ተከታታይ ልኬት ተነስቶ ነው፤ በ1990ም የንጹሕ አየር ሕጋቸው ተሻሻለ። ሲጀምሩ አሲድ ፍለጋ አልገቡም። ለክተው ስለነበር አገኙት። እስከ ዛሬ ተማሪዎች እየገቡ፣ የቀደመው ያቆመበትን እየቀጠሉ ይመረቁበታል።

ከፈረንሳይ በላይና ከየካ ተዳፋት የሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶችስ ምን አነሳቸው? ክረምት ሲመጣ ቀበና ቀይ ሆኖ ሲወርድ ድልድይ ላይ ቆመን እናየዋለን። ምን ያህል አፈር ነው? ምን ያህል ፎስፎረስ ነው? ባሕር ዛፍ ካለበት ይበልጣል ወይስ ከተመነጠረበት? አንድ ጅረት ላይ በሲሚንቶ የተሠራ መለኪያና በየሳምንቱ ጠርሙስ ይዞ የሚወጣ ተማሪ ይመልሰዋል።

«ድሃ አገር ነን» ለሚሉት

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «የሚበላ በሌለበት አገር ቅጠል ይመዘናል እንዴ?»

እሺ፤ እንተሳሰብ። አረንጓዴ አሻራ ከ2019 ጀምሮ እየተካሄደ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 29 ቀን (የእኛ ሐምሌ 22) ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በጥቅሉ የታቀደው 50 ቢሊዮን ነው። መትከሉን አልቃወምም፤ እኔም ብትጠሩኝ ጉድጓድ እቆፍራለሁ። ግን በቢሊዮን ለሚቆጠር ችግኝ ጉልበት፣ ነዳጅ፣ መሬትና የሥራ ቀን የሚያወጣ አገር «ችግኙ የቆመበት አፈር ይመግበዋል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ገንዘብ የለኝም ሊል አይችልም። በደከመ አፈር ላይ የቆመ ችግኝ ሲቀጭጭ ወጪው ሁለት ጊዜ ነው። የምርምር ወጪ የሚታየን እንደ ቅንጦት ነው፤ የግምት ወጪ ግን በደረሰኝ ስለማይመጣ አይታየንም።

ደግሞ እዚያው እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በእነሱም ዙሪያ ማስተርስና ፒኤችዲ የሚማሩ የሥነ ፈለክ ተማሪዎች ሠልጥነዋል። ሲጀመርም «ለድሃ አገር ኮከብ ምኗ ነው?» ተብሎ ነበር። መልሱን ያገኙት በመሥራት ነው። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ይብዙ። ግን ያን ያህል ርቀት ለማየት የቆረጥን ሰዎች ከቴሌስኮፑ እግር ሥር ያለውን 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ማየት እንዴት አቃተን? በ2020 የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክም ውሰዱ። ቡናው፣ ፈረሱ፣ ፎቶው ሁሉ አለ፤ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁሉ ሄክታር ውስጥ ጥቂቱን «እዚህ ቅጠል አይጠረግም፤ ጥናት ላይ ነው» ብሎ መከለል ለማን ይከብዳል?

ትዕግሥት የለንም የሚሉም አሉ። አለን። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው የተጠናቀቀው። ወደ 30 ዓመት ገደማ፤ በስዊድን ገንዘብ፣ አራት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም ማዕከል አድርጎ። 6,000 ያህል ዝርያ ስም ወጣለት፣ ተገለጸ። በዚያ ሥራ ውስጥ ያለፉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ዛሬ ፕሮፌሰሮች ናቸው። ረጅም ሥራ ተማሪ እንደሚያፈራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ያኔ ዛፎቻችን ማን እንደሆኑ አወቅን። ቀጣዩ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ነው።

ስለዚህ

የምጠይቀው ተቋም አይደለም። ሕንፃ፣ ሪባንና ዋና ዳይሬክተር ያለው «የልህቀት ማዕከል» አታምጡብኝ። የምጠይቀው መሬት ላይ የተተከለ ካስማ ነው።

በየካና በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ቋሚ መለኪያ ቦታዎች ይከለሉ፦ ቅጠሉ የሚጠረግበት ባሕር ዛፍ፣ የማይጠረግበት ባሕር ዛፍ፣ አገር በቀል ዛፍ የተተካበት፣ እና ከተቻለ በካህናቱ ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው የካ ያለው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያ ደን ልማትና ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በጋራ ይያዙት። በየዓመቱ የሚገባ ተማሪ ከወጪው ተማሪ መረቡንም ዳታውንም ይረከብ፤ ስድስት ወር ያለው ተማሪ የአሥር ዓመት ሥራ ውስጥ የስድስት ወር ድርሻ ይኑረው። ለችግኝ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ሳንቲም ለዚህ ይመደብ፤ ለተማሪውም የታክሲና የምሳ ሳይሆን የሚኖርበት ክፍያ ይሁን። ዳታው ለማንም ክፍት ይሁን፤ የአለቃ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ። ቅጠል ስትጠርግ የኖረችው ሴትም ከጥናቱ ውጭ አትባረር። የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያረግፍ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለምና በክፍያ ትቀጠር፤ ያንኑ ቅጠል ትመዝን።

ይህ ሲሆን ያ የቴሌግራም ማስታወቂያ አንድ ቀን እንዲህ ይላል፦ «የዶክትሬት ዕድል፤ የደን ሥነ ምኅዳርና የንጥረ ነገር ዑደት፤ የጥናቱ ቦታ እንጦጦ።» ከስዊድንም የሚያመለክት ይኖራል፤ ይምጣ፣ ቡና እናፈላለታለን። እስከዚያ ድረስ ግን በየክረምቱ ስንት እንደተከልን በኩራት ስትነግሩን አንድ ጥያቄ ይዘን እንጠብቃችኋለን፦ ስንቱ ረገፈ? የረገፈውስ ወዴት ሄደ?